«ጭፈራ» ያልሆነውን «ጭፈራ» ማለት

ከጥቂት ጊዜ በፊት ስለ ጃፓኑ ሃያቺኔ ካጉራ የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ጽሑፍ ወደ አማርኛ መልሼ ነበር። «ካጉራ» የሚለውን ቃል እንዳለ ትቼ አንዲት አጭር ማብራሪያ አከልሁበት። አርታኢው ሁለቱንም ሰርዞ «ባህላዊ ጭፈራ» አለው። «ለተመልካች ይቀለዋል» ነበር መልሱ።

ለመሆኑ የሚጨፈረው ለማን ነው? በሰሜናዊ ጃፓን፣ በኢዋቴ ግዛት፣ 1,917 ሜትር ከፍታ ያለው የሃያቺኔ ተራራ እንደ አምላክ ይከበራል። በየዓመቱ ኦገስት 1 ቀን በቤተ መቅደሱ ታላቅ በዓል ላይ ከበሮው፣ ዋሽንቱና የብረት ሳህኖቹ ይሰማሉ። አስቀድሞ ስድስት የሥርዓት ክፍሎች ይቀርባሉ፤ የአማልክትና የጥንት ታሪኮች ይከተላሉ፤ በመጨረሻም ከእንጨት የተቀረጸ አንበሳ መሰል ራስ መንጋጋውን እያንቋቋ ይመጣል። ይህ ራስ ለመንደሩ ሰው የተዋናይ ጭንብል አይደለም። ጎንጌን ይሉታል፤ የተራራው አምላክ የሚገለጥበት ነው።

ሥርዓቱ ያማቡሺ ከሚባሉት የተራራ ባሕታውያን ጋር የተቆራኘ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1872 የሜይጂ መንግሥት የባሕታውያኑን ሥርዓት በአዋጅ አገደ። ካጉራው ግን በዳኬና በኦትሱጉናይ መንደሮች ሰዎች እጅ ተረፈ። ዩኔስኮ በ2009 የመዘገበው ይህንኑ ነው። አዋጅ ያላጠፋውን እኛ በአንዲት ቃል እናራቁተው?

ጭፈራን መናቄ አይደለም። ነገር ግን አማርኛ ጭፈራን ከሽብሸባ፣ ዘፈንን ከወረብ ለይቶ የሚያውቅ ቋንቋ ነው። በጥምቀት ዕለት በታቦቱ ፊት የሚያሸበሽቡትን ካህናት «ጨፈሩ» ብሎ የሚያሳትም አርታኢ እስካሁን አላጋጠመኝም። ለራሳችን የምንጠነቀቀውን ለሌላው ስንፍና ነሣነው። «ታዲያ ወረብ በለው» ያለኝ ወዳጅም አልተሳካለትም፤ የራሳችንን ካባ ለጃፓን ማልበስ ይሆናል። ደግሞም ካጉራ ሳቅን አይከለክልም። በ712 የተጠናቀቀው «ኮጂኪ» እንደሚተርከው፣ የፀሐይ አምላኳ አማቴራሱ ከተደበቀችበት ዋሻ ብቅ ያለችው ኡዙሜ በውጭ ስትጨፍር አማልክቱ በሳቅ ስለ ፈነዱ ነው። (እዚህስ «ስትጨፍር» ማለቴን አርታኢዬ ልብ ይበልልኝ።)

ባዕድ ቃል ይከብዳል ይሉኛል። ካራቴንና ጁዶን ማን ተረጎማቸው? ሱናሚንስ ማን «ትልቅ ማዕበል» አለው? ልጆች ሳይቀሩ በስማቸው ይጠሯቸዋል። ማዕበሉ ስሙን ይዞ ሲገባ አምላኩ ስሙን ከደጅ የሚጥልበት ምክንያት አልታየኝም።

ፊልሙ በኋላ ታየ። ጎንጌን መንጋጋውን እያንቋቋ ሲገባ ከግርጌ የሚነበበው ጽሑፍ «ጭፈራው ደመቀ» ይላል።