ሳይገጠም ስለሚሸጥ መኪና

እ.ኤ.አ. በ1949 ኤርፊክስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ከፈርጉሰን ትራክተር ሠሪዎች አንድ ትእዛዝ ተቀበለ። ትእዛዙም የትራክተሩ ሻጮች ደንበኛ ሲያነጋግሩ በእጃቸው ይዘው የሚያሳዩት፣ በመልኩ ትልቁን የሚመስል ትንሽ የፕላስቲክ ትራክተር እንዲሠራላቸው ነበር። ትራክተሩ ተሠራ። ዳሩ ግን ክፍሎቹን በፋብሪካ ውስጥ አንድ በአንድ በእጅ እየገጠሙ ማስረከብ ብዙ የሰው ጉልበት የሚፈጅ ሆነ። ስለዚህ ኩባንያው ወጪውን ለመቀነስና ሽያጩንም ለማስፋት ሲል ክፍሎቹ ሳይገጣጠሙ በዎልዎርዝ መደብሮች እንዲሸጡ አደረገ። ሥራውን የሚጨርሰው ገዢው ሆነ፤ ገንዘቡንም የሚከፍለው ያው ገዢው ነው። ገዢው በዚህ የተከፋ አይመስልም። በኋላም ኩባንያው ጎልደን ሃይንድ የተባለችውን የጥንት መርከብ አምሳያ በትንሽ የፕላስቲክ ከረጢት አድርጎ በ2 ሺልንግ አወጣ፤ ከዚያ ወዲህ «ኤርፊክስ» የሚለው ስም በእንግሊዝ አገር ለዚህ ዓይነቱ ዕቃ ሁሉ መጠሪያ እስከ መሆን ደረሰ።

በአሜሪካ ደግሞ ነገሩ ከመኪና ሻጮች አዳራሽ ተነሣ ለማለት ይቻላል። በሚሺጋን፣ በዲትሮይት አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 የተቋቋመው ኤ.ኤም.ቲ. መጀመሪያ ይሠራ የነበረው፣ የመኪና ፋብሪካዎች አዲስ መኪና ባወጡ ቍጥር ሻጮቻቸው ለደንበኛ የሚያሳዩትንና የሚያድሉትን ተገጥሞ ያለቀ ትንሽ አምሳያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 ግን መኪናውን በክፍል በክፍል አድርጎ ለሕዝብ አቀረበ፤ በአንዱ ሣጥን ውስጥም መኪናውን በሦስት ዓይነት ለመሥራት የሚያስችሉ ክፍሎች ጨመረበት። ገዢው ቢፈልግ ከፋብሪካ እንደ ወጣ፣ ቢፈልግ እንደ ጎረምሳ መኪና አስጊጦ፣ ቢፈልግ ለእሽቅድምድም አዘጋጅቶ ይገጥመዋል። አንዱን መኪና በአንድ ጊዜ በሦስት ዓይነት ለመሥራት ስለማይቻል፣ ሦስቱንም አሰልፎ ለማየት የጓጓ ሰው ሦስት ሣጥን ይገዛል። ይህን ያሰበው ሰው የሱቅ ጠባይ የገባው ሰው ነው።

ለነጋዴ ከሁለቱም ይልቅ ትምህርት ያለው የጃፓኑ የታሚያ ታሪክ ነው። ሺዙኦካ በምትባለው ከተማ እ.ኤ.አ. በ1946 የተቋቋመው ይህ ድርጅት አስቀድሞ የእንጨት ነጋዴ ነበር፤ ቀጥሎም በእንጨት አምሳያ መሥራት ያዘ። ፕላስቲክ መጥቶ የእንጨቱ ሥራ ሲዳከም፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ያማቶ የተባለውን የጦር መርከብ በፕላስቲክ ሠርቶ አወጣ። ነገር ግን አንድ ተወዳዳሪ ያንኑ መርከብ በርካሽ ዋጋ ለገበያ ስላቀረበ፣ ታሚያም ዋጋውን ለመቀነስ ተገደደ፤ ፎርማ ለሚባለው የብረት ቅርጽ ማውጫ ያወጣውን ገንዘብ እንኳ ለመመለስ አልቻለም። ድርጅቱን ከዚያ ጭንቀት ያወጣው በአሮጌ የመጫወቻ ፎርማ የተሠራ አንድ ትንሽ የእሽቅድምድም መኪና ነው። ከዚያ በኋላ ስሙን ያገነነው ግን ርካሽነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 እንዳወጣው የሆንዳ የእሽቅድምድም መኪና ያሉ አምሳያዎቹ ልካቸው የተጠበቀ፣ ክፍሎቻቸው ያለ ትግል የሚጋጠሙ፣ መመሪያቸውም ግልጽ በመሆኑ ነው። ድርጅቱን ለረጅም ዘመን የመሩት ሹንሳኩ ታሚያ እ.ኤ.አ. በ2025 በ90 ዓመታቸው ሲያርፉ፣ ሐዘኑ አምሳያ የሚገጣጥሙ ሰዎች ባሉበት አገር ሁሉ ተሰማ።

ይህ ሁሉ የሚነገረው ዕቃው በአገር ውስጥ ገበያም ቦታ ሊያገኝ የሚገባው በመሆኑና፣ አመጣጡ ካልታሰበበት ግን ገና ሳይታወቅ ስሙ ሊጠፋ የሚችል በመሆኑ ነው። ዓለም አቀፉ የጉምሩክ አመዳደብ አምሳያ መኪናን 95.03 በሚለው ቍጥር ከአሻንጉሊትና ከልጆች ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት ጋር አንድ ላይ አስቀምጦታል። ለቀረጥ ሒሳብ ይህ ያገለግል ይሆናል፤ ለሱቅ መደርደሪያ ግን አይበጅም። አሻንጉሊት ተሸጦ ሲወጣ ነገሩ አልቋል። ሣጥኑ ግን ተሸጦ ሲወጣ ገና መጀመሩ ነው፤ መቍረጫ ፒንሳ፣ ትንሽ ሞረድ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ስቱኮ፣ ሙጫ፣ ብሩሽ፣ አምስትና ስድስት ዓይነት ቀለም ከኋላው ይጠራል። ከእነዚህ አንዱ በጎደለ ጊዜ ሥራው ይቆማል፤ ያን ጊዜ ገዢው የሚወቅሰው ቀለሙን ያላመጣውን ሳይሆን ሣጥኑን የሸጠለትን ነው።

የሥራውን ባሕርይ ለመረዳት አንድ ምሳሌ ይበቃል። በአዲስ አበባ መንገድ ሁሉም የሚያውቃት ቮልስዋገን ርዝመቷ 4 ሜትር ከ7 ሴንቲ ሜትር ነው። ታሚያ የ1966ቷን ቮልስ 24 ጊዜ አሳንሶ ያቀርባታል፤ በዚህ ልክ ርዝመቷ 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ሣጥኑ ሲከፈት ግን ቮልስ አትታይም። የሚታየው ክፍሎቹ እንደ ቅጠል የተንጠለጠሉባቸው የፕላስቲክ ዘንጎች፣ የላስቲክ ጎማ፣ መስታወት መሳይ ብርሃን አስተላላፊ ክፍል፣ ውሃ ውስጥ ተነክሮ የሚለጠፍ ቀጭን ጽሑፍና የመመሪያ ወረቀት ነው። ሠሪው እያንዳንዱን ክፍል ከዘንጉ በፒንሳ ቆርጦ፣ የተቈረጠበትን ጠባሳ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል፤ ያለ ሙጫ አንድ ጊዜ ገጥሞ ይፈትናል፤ ክፍተት ካለ በስቱኮ ይሞላል። ጋራዥ ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ሁሉ ሲሰማ አዲስ አይሆንበትም። ሻንሲ፣ ቸርኬ፣ ኮፈን፣ ፓራፋንጎ፣ ማርሚታ ሁሉም በየቦታቸው አሉ፤ የተለወጠው መጠናቸው ብቻ ነው።

ብዙው ሰው የሚሳሳተው በቀለሙ ላይ ነው። የእውነተኛ መኪና ቀለም ውፍረቱ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ነው። ያው ውፍረት በአምሳያው ላይ ቢቀባ፣ 24 ጊዜ ተባዝቶ ሲታሰብ፣ መኪናው ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ የወፈረ ቀለም የለበሰ ያህል ነው። በበሩና በአካሉ መካከል ያለው ስንጥቅ በእውነተኛው መኪና 5 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ በአምሳያው ላይ ከ0.2 ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ስለዚህ ከሁለት ወገን 0.1፣ 0.1 የተቀባ ቀለም በሩን ጨርሶ ይደፍነዋል። መፍትሔው ቀለሙን አቅጥኖ፣ እያደረቁ፣ ደጋግሞ መቀባት ነው። ቸኵሎ በአንድ ቀን የጨረሰ ሰው በማግሥቱ ቀለሙ ሲወርድ፣ የጣቱም አሻራ በኮፈኑ ላይ ታትሞ ያገኛል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ።

ከመገጣጠሙ በላይ ያለው ሌላ ደረጃ ደግሞ ዝርዝሩን ማሟላት ነው፤ ሠሪዎች እርስ በርሳቸው የሚከባበሩትም በዚህ ነው። ሞተሩ ተገልጦ በሚታይ አምሳያ ላይ ወደ ካንዴላ የሚሄደው ገመድ በሣጥኑ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገኝም። እውነተኛው ገመድ 7 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ አምሳያው የሚፈልገው 0.3 ሚሊ ሜትር ያህል ቀጭን ሽቦ ነው፤ ይህንንም ሠሪው ከተበላሸ የኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ መዝዞ ያወጣዋል። በመስኮት ዙሪያ ላለው ክሮም እጅግ የሳሳ የአሉሚኒየም ወረቀት ለጥፎ ትርፉን በስለት ይቈርጣል። በራዲያተሩ ፊት ባለው ፍርግርግ ውስጥ የቀጠነ ጥቁር ቀለም አፍስሶ ከላይ ያለውን ይጠርጋል፤ ያን ጊዜ ፍርግርጉ ጥልቀት ያለው ይመስላል።

ጭነት መኪና ሲሆን ሥራው ሌላ መልክ ይይዛል፤ ምክንያቱም ንጹሕ ጭነት መኪና ሐሰት ነው። በቦሎኛ አጠገብ የሚገኘው የኢጣሊያው ኢታለሪ የአውሮፓን ከባድ መኪናዎች በ1/24 ያወጣል። እዚያ ላይ ሠሪው አቧራውን፣ ዝገቱን፣ ከማርሚታው በላይ የተቀመጠውን ጥላሸት፣ በነዳጅ ማጠራቀሚያው አፍ የወረደውን የናፍጣ መስመር በብሩሽ ጫፍ ይሥላል። አቧራ ግን በሁሉም ቦታ እኩል አይቀመጥም። የት እንደሚወፍር፣ የት በዝናብ እንደሚታጠብ፣ የትኛው የካቢና ጥግ በሹፌሩ ክንድ ተፈትጎ እንደሚያበራ የሚያውቀው፣ በፊያት ኤንትሬ ረጅም መንገድ የተመላለሰ ሰው ነው። በሽቦ መኪና ሠርቶ በሠፈር ያልነዳ ልጅም ጥቂት ነው። ይህ ዕቃ ወደ አገር ቢገባ የሚሠራው ሰው አይጠፋም፤ የሚያጠራጥረው የሚሸጠው ሰው ነው።

የሚያጠራጥረውም ስለዚህ ነው። አንድ አስመጪ ዋጋው ረክሶ ያገኘውን አንድ ካርቶን ሣጥን ብቻ ያስመጣል እንበል። ቀለም የለም፤ ሙጫ የለም። ገዢው የጫማ ማስቲሽ ይቀባበታል፤ ክፍሎቹም ይበላሻሉ። ባለ ሱቁ ደግሞ ለማሳየት ሲል ሣጥኑን ይከፍታል፤ ከ100 ክፍል አንዲት የመስታወት ማቀፊያ መሬት ላይ ትወድቅና ትጠረጋለች። መኪናው ከዚያ በኋላ መቼም አይሞላም። አንድ ኪሎ የጎደለበት የቡና ጆንያ አሁንም ቡና ነው፤ አንድ መሪ የጎደለው ቮልስ ግን ምንም አይደለም። በመመሪያው ላይ እያንዳንዱ ክፍል ቍጥር ያለው መሆኑ ለሠሪው ብቻ ሳይሆን ለሻጩም ነው፤ የጎደለውን ክፍል በቍጥሩ ከፋብሪካው ወኪል ለመጠየቅ የሚቻለው ባለ ሱቁ የሣጥኑን መለያና የተቀበለበትን ቀን በመዝገብ ከያዘ ብቻ ነው።

የሙጫው ነገር ግን ከንግድ ሒሳብ በላይ ነው። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ሙጫ የተለመደው ሙጫ አይደለም፤ ፕላስቲኩን ራሱን አሟምቶ ሁለቱን ክፍል አንድ የሚያደርግ ፈሳሽ ነው፤ ትነቱም ይመርዛል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአሜሪካ ልጆች ይህን ሙጫ ለስካር እየሳቡት ጉዳቱ ስለ ገነነ፣ ብዙ ከተሞች ለልጆች እንዳይሸጥ ደነገጉ፤ ቴስተርስ የተባለው የሙጫና የቀለም ፋብሪካም በዚያው ዘመን መጨረሻ አፍንጫ የሚያቃጥል የሰናፍጭ ዘይት ጨመረበት። በአዲስ አበባ ጎዳና የሚያድሩ ልጆች ማስቲሽ ይዘው ሲስቡ ያላየ ነጋዴ የለም። እንግዲህ አዲስ ሙጫ የሚያስመጣ ሰው ወደማን እጅ ሊደርስ እንደሚችል አላውቅም ለማለት አይችልም። «እኔ ብተወው ጎረቤቴ ይሸጠዋል» የሚል ይኖራል፤ ጎረቤቱ ይሸጠው ይሆናል፤ የእርሱ ሱቅ ግን የእርሱ ነው። ከብርቱካን ልጣጭ ከሚገኝ ዘይት የሚሠራ፣ ሽታው የሚለዝብ ሙጫ ዛሬ ይገኛል፤ ዋጋው ቢበልጥም ትእዛዙ ለእርሱ ቢሆን ይሻላል። እርሱም ቢሆን ከመደርደሪያ ፊት ሳይሆን ከባንኮኒው ኋላ ይቀመጥ፤ ሣጥን ይዞ ለመጣ ጎልማሳ እንጂ ብቻውን ለመጣ ልጅ አይሸጥ።

ስለ ቀለሙም አስመጪው አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ነገር አለ። በቆርቆሮ ታሽጎ የሚረጭ ቀለም ተቀጣጣይ ስለሆነ በአውሮፕላን ሲጫን እንደ አደገኛ ዕቃ ይቈጠራል፤ ሰነዱና ማሸጊያው የተለየ ነው፤ ክፍያውም እንደዚያው። መሠረቱ ውሃ የሆነ ቀለም ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህ ችግር የለበትም፤ ለመጀመሪያ ትእዛዝ ይህ ይበቃል። የተሣቢው ነገርም ቦታ ይጠይቃል፤ በአውሮፓ የሚፈቀደው 16.5 ሜትር የሚረዝም ባለ ተሣቢ መኪና በ1/24 ተገጥሞ ሲያልቅ 69 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚሆን ተራው የሱቅ መስኮት አይበቃውም።

ዋጋው ውድ ነው፤ ማን ይገዛዋል ለሚለው ጥያቄ መልሱ፣ መጀመሪያ የሚገዛው ልጅ አይደለም የሚል ነው። የሚገዛው የጋራዥ ባለቤት፣ የቴክኒክና ሙያ ተማሪ፣ ጡረታ የወጣ ሹፌር፣ በመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የወጣትነቱን መኪና ለማስቀመጥ የሚፈልግ ሰው ነው። እነዚህ ጥቂት ናቸው፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ከጀመሩ ለቀለምና ለብሩሽ ይመለሳሉ። ስለዚህ ሁለት መቶ ሣጥን በአንድ ጊዜ ከማስመጣት፣ አሥራ ሁለት ቮልስና ስድስት ጭነት መኪና ከነሙሉ ቀለማቸውና መሣሪያቸው ማስመጣት ይበልጣል። ከአሥራ ሁለቱ አንዷን ቮልስ ለአንድ የታመነ የጋራዥ ቀለም ቀቢ ሰጥቶ፣ የድካሙን ከፍሎ ማስገጠም ይገባል። እርሷ በመስኮት፣ ፀሐይ በማይመታው ወገን ትቀመጥ፤ አጠገቧም ያልተከፈተው ሣጥንና ለእርሷ የዋለው ቀለም ሁሉ ከነዋጋው ተጽፎ ይቁም፤ ስንት ሰዓት እንደ ፈጀችም ካርዱ ላይ ይጻፍ።