የአባት ጽሑፍ በፍሎፒ ዲስክ ሲቀር

ሰሞኑን ከግራና የደረሰን ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦ «አባታችን መምህር ነበሩ። ስለ ግራናና ስለ መርሳ ከሽማግሌዎች የሰሙትን ታሪክ ለዓመታት ሲጽፉ ኖረው አረፉ። ወረቀቱ በጦርነቱ ጊዜ ጠፋ። የቀረን አንድ አሮጌ ኮምፒውተርና ዘጠኝ ፍሎፒ ዲስክ ነው። ኮምፒውተሩ ይነሳል፤ ዲስኩን ግን አያነብም። ወንድሜ ‹ለቆራሌው እንሽጠው› ይላል። ምን ትመክሩናላችሁ?»

ምክራችን አጭር ነው፦ አይሽጡት። ኮምፒውተሩ ከተነሳ ተስፋ አለ።

በመጀመሪያ ዲስኮቹን በመጠን ይለዩ። ጠንካራ ልባስ ያላቸው ባለ 3 ተኩል ኢንቾቹ ቀላል ናቸው፤ በዩኤስቢ የሚሰካ ፍሎፒ ድራይቭ ከተገኘ በላፕቶፕ ይነበባሉ። የሚተጣጠፉት ባለ 5 ሩብ ኢንቾቹ ግን እዚያ ውስጥ አይገቡም። ለእነሱ አሮጌው ኮምፒውተር የግድ ነው።

በዚያ ዘመን በብዙዎቹ ኮምፒውተሮች ድራይቩ ከማዘርቦርዱ ጋር በቀጥታ አይገናኝም፤ በመሃል ካርድ አለ። ስለዚህ ባለሙያው ድራይቩን «ሞቷል» ከማለቱ በፊት እነዚህን ይመልከት፦

ኮምፒውተሩ ከሶኬት ይነቀል። ካርዱ ይውጣ፤ የሚሰካው ጠርዙ በንጹሕ ላጲስ ቀስ ተብሎ ይጽዳና ጠበቅ ተደርጎ ይመለስ። ብዙ ጊዜ ችግሩ አቧራ ወይም የላላ ካርድ ነው።

ከካርዱ ወደ ድራይቩ የሚሄደው ጠፍጣፋ ኬብል 34 ሽቦዎች አሉት። በአንድ ጠርዙ ያለው ቀይ መስመር በካርዱም በድራይቩም ላይ 1 ቁጥር ካለበት በኩል መሆን አለበት። ኬብሉ መጨረሻው አካባቢ ጥቂት ሽቦዎቹ ተጠምዝዘው ቢታዩ አልተበላሸም፤ ከጥምዝዙ በኋላ ያለው መሰኪያ ለ«ኤ» ድራይቭ፣ ከጥምዝዙ በፊት ያለው ለ«ቢ» ነው።

ሲበራ የድራይቩ መብራት ሳይጠፋ በርቶ ከቀረ ኬብሉ ተገልብጦ ተሰክቷል ማለት ነው። ወዲያው ያጥፉና ያስተካክሉ። አዲስ ካርድ ከተጨመረ ደግሞ በማዘርቦርዱ ላይ ያለው የፍሎፒ መቆጣጠሪያ፣ ካለ፣ መዘጋት አለበት፤ ሁለቱ ይጋጫሉ።

ኮምፒውተሩ አሮጌ አፕል ከሆነ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። የእሱ መሰኪያ ባለ 20 እግር ነው፤ በአንድ እግር ተንሸራቶ ቢሰካ ድራይቩ ውስጥ ያለውን ቺፕ ያቃጥላል።

አሁን ወደ ዲስኮቹ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። በመስኮቱ በኩል ነጭ ሻጋታ የሚታይበትን ዲስክ አያስገቡ፤ የድራይቩን ማንበቢያ ያቆሽሻል፣ ቀጣዩንም ዲስክ ይጎዳል። በትልቁ ዲስክ ጎን ያለውን ቁራጭ ቦታ በፕላስተር ይሸፍኑ፤ በትንሹ ደግሞ ቀዳዳው እንዲከፈት ማንሸራተቻውን ይግፉ። ያኔ ማንበብ እንጂ መጻፍ አይቻልም። ኮምፒውተሩ «ዲስኩ ፎርማት አልተደረገም፤ ላድርገው?» ቢል መልሱ ሁልጊዜ «አይ» ነው። «አዎ» ማለት የአባትን ጽሑፍ በገዛ እጅ መደምሰስ ነው።

ፋይሉ ተከፍቶ ፊደሉ የተዘበራረቀ ቢመስልም አይደንግጡ። የግእዝ ፊደል በዓለም አቀፉ ዩኒኮድ የተካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ለፊደላቱ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር። ስለዚህ አባትዎ የተጠቀሙበት ፕሮግራም በዚያው ኮምፒውተር ውስጥ እንዳለ ይፈልጉ፤ ካለ ጽሑፉን እዚያው ከፍተው የእያንዳንዱን ገጽ ፎቶ ያንሱ። የተዘበራረቀውን ፋይልም አያጥፉ፤ በኋላ ሊለወጥ ይችላል።

ለወንድምዎ ይህን ይንገሩልን፦ ቆራሌው የሚከፍለው የብረቱን ዋጋ ነው። እነዚያ ሽማግሌዎች የነገሩትን ዛሬ እንደገና የሚነግር ላይኖር ይችላል። ጽሑፉ ሲገኝ አንዱን ቅጂ እርስዎ፣ አንዱን ወንድምዎ፣ አንዱን አባትዎ ያስተማሩበት ትምህርት ቤት ይያዝ። አንድ ቦታ ብቻ የተቀመጠ ነገር እንዴት እንደሚጠፋ እናንተ ከሁላችን ይልቅ ታውቁታላችሁ።