የኬንያ አዲሱ የክሪፕቶ ሕግ የማይደርስበት ቁልፍ

ኬንያ በአውሮፓውያኑ ጥቅምት 2025 ያጸደቀችው ሕግ፣ የክሪፕቶከረንሲ አገልግሎት የሚሰጡ ድርጅቶችን በማዕከላዊ ባንኩና በካፒታል ገበያ ባለሥልጣኑ ቁጥጥር ሥር አድርጓል። ሆኖም ቢትኮይን መቀበያ አድራሻ ለማግኘት ወደ ድርጅት መሄድ የግድ አይደለም። ጥቂት የኮድ መስመሮችን መጻፍ የሚችል ሰው፣ ያለ ኢንተርኔት ጭምር፣ በገዛ ኮምፒውተሩ ሊፈጥረው ይችላል።

ፕሮግራሙ በመጀመሪያ ባለ 256 ቢት ቁጥር በዘፈቀደ ይመርጣል፤ ይህም የግል ቁልፍ ይባላል። ከእርሱ በሒሳብ ስሌት ይፋዊ ቁልፍ ይገኛል፤ ከይፋዊው ቁልፍ ደግሞ አድራሻው ይወጣል። ስሌቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ በመሆኑ አድራሻውን ያየ ሰው ወደ ኋላ ተመልሶ የግል ቁልፉን ሊያገኝ አይችልም። ቁልፉ በእጁ የገባ ግን ማንነቱን ሳይጠየቅ ገንዘቡን ያንቀሳቅሳል።

ስለዚህ ደኅንነቱ የሚወሰነው የመጀመሪያው ቁጥር የማይገመት በመሆኑ ላይ ነው። በ2013 በአንድሮይድ ስልኮች የዘፈቀደ ቁጥር ማመንጫ ላይ የተገኘ ጉድለት በስልኮቹ የተፈጠሩ የቢትኮይን ቦርሳዎችን ለስርቆት አጋልጦ ነበር። ማራኪ የኢቴሪየም አድራሻዎችን የሚያመነጨው ፕሮፋኒቲ የተባለ ፕሮግራምም ቁልፎቹን የሚጀምረው ከ32 ቢት ቁጥር ነበር። ይህ ማለት ሊኖሩ የሚችሉት መነሻዎች 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ናቸው፤ ለኃይለኛ ኮምፒውተሮች ደግሞ ይህን ሁሉ መፈተሽ ከባድ አይደለም። በመስከረም 2022 ዊንተርሚውት የተሰኘው የክሪፕቶ ንግድ ኩባንያ 160 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የተዘረፈበት ጥቃት ከዚሁ ድክመት ጋር ተያይዟል።

ለቀጣናው ተጠቃሚዎች ጉዳዩ ከቴክኒክ ያለፈ ነው። በኬንያ ፈቃድ ባለው ድርጅት በኩል የሚገበያይ ደንበኛ አቤት የሚልበት ተቆጣጣሪ አለው። በኢትዮጵያ ግን ብሔራዊ ባንክ በ2022 በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን ስላስታወቀ፣ የተሰረቀ ሰው አቤቱታ ማቅረቡ ራሱን ሊያስጠይቀው ይችላል።

ሕግ ድርጅትን ፈቃድ ሊያስወጣ፣ ሊቀጣም ይችላል። በተሳሳተ ኮድ የተመረጠን ቁጥር ግን ሊያርም አይችልም፤ የተላለፈውን ገንዘብ የሚመልስ ባንክም የለም። በመሆኑም የኬንያ ሕግ የገበያውን በር ሲጠብቅ፣ ቁልፉን በራሱ የሚያመነጭ ተጠቃሚ ጥበቃው በተፈተነ ፕሮግራም መጠቀሙ ብቻ ይሆናል።