የናኖ መድኃኒት ለድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት፦ ተስፋውና ወደ አርሶ አደሩ ለመድረስ የቀረው መንገድ

የኩላሊት ሕመም ሲነሳ የብዙዎች ሐሳብ የሚሄደው በስኳርና በደም ግፊት ምክንያት ለዓመታት እየተዳከመ ወደሚመጣው ሕመም ነው። ይሁንና ጤነኛ የነበረ ኩላሊትም በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ሥራውን ሊያቆም ይችላል። ሐኪሞች ይህንን ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት ይሉታል። በተቅማጥና በትውከት ብዙ ፈሳሽ ያጣ ሕፃን፣ በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም የፈሰሳት እናት፣ ከባድ ወባ የያዘው አርሶ አደር፣ እባብ የነደፈው እረኛ ሁሉም ለዚህ አደጋ የተጋለጡ ናቸው።

ዓለም አቀፉ የኩላሊት ሕክምና ማኅበር ባወጣው ግምት መሠረት በየዓመቱ 13 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት ይያዛሉ፤ 1 ነጥብ 7 ሚሊዮን የሚሆኑትም ሕይወታቸውን ያጣሉ። ከታማሚዎቹ 85 በመቶው የሚኖሩት በታዳጊ ሀገራት ነው። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ ያደረገው ዘመቻ እስከ 2025 ድረስ ሊከላከሉት በሚቻል የኩላሊት ጉዳት አንድም ሰው እንዳይሞት የማድረግ ግብ ይዞ ነበር። ዓመቱ ደረሰ፤ ግቡ ግን አልተሳካም።

ጉዳቱ እንዴት እንደሚደርስ መረዳት አዲሱ ምርምር ምን እንደሚፈልግ ያሳያል። ሁለቱ ኩላሊቶች ተደምረው ከሰውነት ክብደት አንድ በመቶ እንኳ አይሞሉም፤ ሆኖም ልብ ከሚረጨው ደም አንድ አምስተኛ ያህሉ ወደ እነርሱ ይሄዳል። በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራሉ፤ ሽንት ሆኖ የሚወጣው ግን ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ብቻ ነው፤ የቀረው ወደ ደም ይመለሳል። ይህ ሥራ ከፍተኛ ኃይልና ኦክስጅን ይጠይቃል። የደም ፍሰቱ ሲቀንስ ወይም መርዛማ ነገር ሲገባ በኩላሊት ቱቦዎች ያሉ ሕዋሳት ውስጥ ጎጂ የኦክስጅን ውሁዶች ይከማቻሉ፤ ሕዋሳቱንም ይገድላሉ።

እስካሁን ያለው ሕክምና መንስኤውን ማስወገድ፣ የጎደለውን ፈሳሽና ደም መተካት፣ ኩላሊትን የሚጎዱ መድኃኒቶችን ማቆም፣ ካልሆነም ኩላሊቱ እስኪያገግም ድረስ በማሽን ደምን ማጠብ ነው። የተጎዱትን ሕዋሳት በቀጥታ የሚጠግን መድኃኒት በሐኪሞች እጅ የለም። የኩላሊት እጥበት አገልግሎት ደግሞ በዋናነት በትልልቅ ከተሞች የሚገኝ በመሆኑ ከገጠር ቀበሌ ለሚመጣ ታካሚ መንገዱም ወጪውም ከባድ ነው።

ተመራማሪዎች ወደ ናኖ ቁሶች ያተኮሩት ይህንን ክፍተት ለመሙላት ነው። አንድ ናኖ ሜትር የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ርዝመት ባላት የጤፍ ፍሬ ላይ 80 ናኖ ሜትር ስፋት ያላቸውን ቅንጣቶች ብንደረድር ከ12 ሺህ በላይ ይሰለፋሉ። በዚህ መጠን የተሠራ ቁስ መድኃኒትን ተሸክሞ ወደሚፈለገው የሰውነት ክፍል ሊያደርስ፣ አንዳንዴም ራሱ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። መጠኑ ወሳኝ ነው። ከ6 ናኖ ሜትር ገደማ በታች የሆኑ ቅንጣቶች በኩላሊት ወንፊት አልፈው በሽንት ይወጣሉ፤ ከዚያ የሚተልቁትን አብዛኞቹን ጉበትና ጣፊያ ይይዟቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካና የቻይና ተመራማሪዎች የዘር ቅንጣት ወይም ዲኤንኤን ልክ እንደ ወረቀት በማጠፍ የሠሯቸው ጥቃቅን ቅርጾች በአይጦች ኩላሊት ውስጥ እንደሚከማቹና ከጡንቻ መጎዳት የመጣን የኩላሊት ጉዳት እንደሚያቃልሉ አሳይተዋል። ቅርጾቹ ጎጂዎቹን የኦክስጅን ውሁዶች በራሳቸው ላይ ተቀብለው ሕዋሳቱን ይታደጋሉ። በዚያው ዓመት ሞሊብዲነም ከተባለ ማዕድን የተሠሩ ቅንጣቶች በአይጦች ላይ ተመሳሳይ ውጤት እንደሰጡ ተዘግቧል።

ውጤቱ ተስፋ ሰጪ ቢሆንም በአይጥ የተገኘ ነው። በቤተ ሙከራ ጉዳቱ የሚደርስበት ሰዓት አስቀድሞ ይታወቃል፤ መድኃኒቱም በጊዜው ይሰጣል። ታካሚ ግን ወደ ሆስፒታል የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ከቀናት በኋላ ነው። በተጨማሪም የታመመ ኩላሊት ቁሱን ማስወጣት ካቃተው፣ ሊያድን የገባው ቅንጣት በሰውነት ውስጥ ቀርቶ ሌላ ችግር ሊፈጥር ይችላል። ስለዚህ ዛሬ ለድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት የናኖ መድኃኒት አለኝ ብሎ ለገበያ የሚያቀርብ ቢኖር ሕዝቡ ሊጠነቀቀው ይገባል።

ይህ ማለት ግን የናኖ ሕክምና ለአካባቢያችን ሩቅ ነው ማለት አይደለም። በመተማና በሁመራ ቆላማ አካባቢዎች ለሰሊጥ ሥራ የሚሄዱ ወቅታዊ ሠራተኞችን የሚያጠቃው ካላዛር ካልታከመ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑትን ታማሚዎች ይገድላል። ለበሽታው ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው አምፎቴሪሲን ቢ ኃይለኛ ቢሆንም ኩላሊትን በመጉዳት የታወቀ ነው። ሳይንቲስቶች ይህንኑ መድኃኒት ከ100 ናኖ ሜትር በሚያንሱ የስብ ከረጢቶች ውስጥ በማስገባት በኩላሊት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በእጅጉ ቀንሰዋል። አምቢሶም በሚል ስም የሚታወቀው ይህ መድኃኒት በሀገራችን ኤችአይቪ በደማቸው ላለ፣ ለነፍሰ ጡሮችና በጽኑ ለታመሙ የካላዛር ታካሚዎች ይሰጣል። በኩላሊት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ፈጽሞ ስላልጠፋ ታካሚው የደም ምርመራ ክትትል ያስፈልገዋል።

የአምቢሶም ታሪክ ወደፊት ለሚመጣው የኩላሊት መድኃኒት ትምህርት ይሰጣል። መድኃኒቱ ውድ በመሆኑ ወደ ታዳጊ ሀገራት በስፋት መድረስ የቻለው አምራቹ ጊልያድ እ.ኤ.አ. በ2011 ለዓለም ጤና ድርጅት በነፃ ለመስጠት ከተስማማ በኋላ ነው። ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በማይበልጥ ሙቀት መቀመጥ አለበት፤ በሽታው የሚበረታው ግን ሙቀቱ ከዚያ እጅግ በሚያልፍባቸው ቆላዎች ነው። የሚሰጠውም በደም ሥር ስለሆነ ሠልጣኝ ባለሙያና አልጋ ይፈልጋል። የሳይንሱ ስኬት ብቻውን ታካሚውን አያድንም፤ ዋጋው፣ ማከማቻውና ባለሙያው አብረው መዘጋጀት አለባቸው።

የናኖ መድኃኒቱ እስኪደርስ ድረስ ግን ብዙ ሕይወት ማትረፍ የሚያስችሉ መንገዶች በእጃችን አሉ። ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት በጊዜ ከተደረሰበት በአብዛኛው ሊመለስ የሚችል መሆኑ ትልቅ ዕድል ነው። ተቅማጥ ሲጀምር ኦአርኤስ መስጠት፣ ወባን ሳይከብድ መታከም፣ በጤና ተቋም መውለድ፣ ፈሳሽ ባጣ ሰውነት ላይ እንደ ዲክሎፌናክ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አለመውሰድ፣ ምንነቱና መጠኑ ካልታወቀ የባህል መድኃኒት መቆጠብ ኩላሊትን ይጠብቃሉ። ሽንት ሲቀንስ ወይም ሲጠቁር፣ ፊትና እግር ሲያብጥ፣ ትንፋሽ ሲያጥር ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

የመንግሥትም ድርሻ ከዚህ ይጀምራል። የኩላሊትን አቅም የሚያሳየው የክሬቲኒን ምርመራ ያለ መቆራረጥ በየወረዳው ካልተገኘ ጉዳቱ የሚታወቀው ታካሚው ለእጥበት ማሽን ሲደርስ ነው። እጅግ የረቀቀው የናኖ መድኃኒት ነገ ቢፈቀድ እንኳ የሚጠቅመው በጊዜው የተመረመረን ሰው ነው። አበው ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ለነገው ሕክምና በር የሚከፍተው ዛሬ በጤና ጣቢያ የሚሠራው ቀላል ምርመራ ነው።