ውሮ ትከተብ ወይስ አትከተብ?

ባለፈው ሳምንት በመኝታ ቤታችን ሌሊቱን ያስመሸን ክርክር ስለ ፈተና ወይም ስለ ምግብ አልነበረም፤ ስለ አንዲት ድመት ነበር። ነገሩ ለሰሚው ቀልድ ይመስላል፤ እኛም የጀመርነው በሣቅ ነው። ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ ግን የሚሥቅ ጠፋ። ስለዚህ በዚያ ምሽት የተባለውንና የራሴን አስተያየት ለአንባብያን ለማቅረብ ብዕሬን አነሣሁ።

ውሮን የማያውቅ የግቢያችን ተማሪ የለም። ባለቤት የላትም፤ ወይም ሁላችንም ባለቤቶቿ ነን። የወጥ ቤቱን አይጥ ስትጠብቅ ኖራ አሁን ዐሥራ ሁለተኛ ዓመቷን እንደ ያዘች ምግብ የሚሠሩልን እማማ ይነግሩናል። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ከስታለች፤ ውሃ አብዝታ ትጠጣለች፤ ጠጕሯም ደብዝዟል። ጥቂት ጓደኞች ገንዘብ አዋጥተው ወደ እንስሳት ሐኪም ቢወስዷት፥ ደሟ ተመርምሮ ኩላሊቷ መድከሙ ታወቀ። ይህ በሽታ በሸመገሉ ድመቶች ላይ የሚበዛ ነው፤ ፈጽሞ አይድንም፤ ነገር ግን በምግብና በጥንቃቄ ብዙ ጊዜ ሊያኖር ይችላል። ሐኪሙም በመጨረሻ፥ "ክትባቷስ?" ብሎ ጠየቀ። መልስ የሰጠ አልነበረም።

አንደኛው ወገን፥ "ይህች የደከመች ፍጥረት የቀራትን ዕድሜ በሰላም ትጨርስ፤ በመርፌ አታሠቃዩአት" አለ። ሁለተኛው ወገን፥ "በሽተኛ ከጤነኛ ይልቅ መጠበቅ አለበት፤ ያለው ክትባት ሁሉ በየዓመቱ ይሰጣት" ሲል ተከራከረ። ሦስተኛው ወገን ደግሞ፥ "ሰው መድኃኒት አጥቶ በሚሞትበት አገር ለድመት ክትባት ማዋጣት ቅንጦት ነው" ብሎ ሁለቱንም ገሠጸ። እኔ በዚያ ምሽት ከአንደኛው ወገን ነበርሁ። ዛሬ ሐሳቤን ለውጫለሁ፤ ምክንያቴንም እነሆ።

የአንደኛው ወገን ፍርሃት መሠረት የሌለው አይደለም። ክትባት በመሠረቱ ለጤነኛ እንስሳ ታስቦ የሚሠራ ነው። ከተከተቡ በኋላ አንድ ሁለት ቀን መፍዘዝና ምግብ መተው አለ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1991 ጀምሮም፥ በጥቂት ድመቶች ላይ መርፌው በተወጋበት ቦታ ነቀርሳ ሊበቅል እንደሚችል ታውቋል፤ ይህም ከ10,000 ክትባት ምናልባት በአንዱ ወይም በጥቂቱ የሚደርስ ነው። ከዚህም በላይ አንዳንዶቹ የድመት ክትባቶች የሚዘጋጁት ከድመት ኩላሊት በተወሰዱ ሕዋሳት ላይ ስለሆነ፥ መደጋገማቸው ኩላሊትን ይነካ ይሆን ብለው የጠየቁ ተመራማሪዎች አሉ። ጥርጣሬው እውነት ሆኖ አልተረጋገጠም፤ ቢሆንም የሚናቅ አይደለም።

የዚህ ወገን ስሕተት ክትባትን ሁሉ አንድ አድርጎ መቍጠሩ ነው። ለድመት የሚሰጠው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሕይወት የሌለው ቫይረስ ወይም ቍራጩ ነው፤ ስለዚህ ደካማዋን ድመት በዚያው በሽታ ሊያሲዛት አይችልም። ኩላሊት መድከሙ ብቻም፥ በሽታው ጸንቶ ከቆመ፥ ክትባትን አይከለክልም። የሚከለክለው ትኵሳት ሲኖርባት፥ ምግብ ስትተው፥ ወይም በየሳምንቱ ስትከሳ ነው፤ ያን ጊዜ እስክትረጋጋ ድረስ መቈየት ይገባል። እንግዲህ ጥያቄው "ታማለችን?" መሆኑ ቀርቶ፥ "በሽታዋ ጸንቷልን? የሚያሠጋትስ የትኛው ነው?" ሊሆን ይገባል።

ሁለተኛው ወገንም ቢሆን ልኩን አልፏል። የመርፌ ብዛት የጤና ብዛት አይደለም። ነጭ የደም ሕዋሳትን ለሚያጠፋው የአንጀት በሽታና ለድመት ጉንፋን ውሮ ከሁለት ዓመት በፊት መከተቧን ወረቀቷ ያስረዳል። የዓለም የትናንሽ እንስሳት ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ፥ አስቀድማ በሚገባ የተከተበችና ብዙ የማያሠጋት ትልቅ ድመት እነዚህን ክትባቶች ከሦስት ዓመት ባነሰ ጊዜ እንዳትደግም ይመክራል። ታዲያ ለደከመች ድመት በየዓመቱ መደጋገሙ ምን ይጠቅማል? የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷ ግን ጊዜው አልፏል።

ለሦስተኛው ወገን የምመልሰው በክረምት የሆነውን በማስታወስ ነው። አንድ ያልታወቀ ውሻ ለሀጩን እያዝረበረበ በአጥር ሾልኮ ገብቶ ያገኘውን ሁሉ ሊነክስ ሲሯሯጥ ዘበኞች ገደሉት። ውሮ በዚያች ሰዓት ጣሪያ ላይ ነበረች። ምድር ላይ ብትሆን ኖሮ ምን ይከተል ነበር? በየማታው እቅፍ አድርጋት የምትውለው የእማማ የልጅ ልጅ ናት፤ ገና ሰባት ዓመቷ ነው። ይህ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድነው መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ ከሚሞቱትም ብዙዎቹ የአፍሪካና የእስያ ሰዎች ናቸው፤ በመካከላቸውም ብዙ ልጆች አሉ። እንግዲህ ለድመቷ የሚወጣው ገንዘብ ለልጅቱም የወጣ ነው።

ደግሞስ እንስሳን መከተብ ሰውን ማዳን መሆኑን ከኢትዮጵያዊ የበለጠ ማን ያውቃል? በክፉ ቀን አባቶቻችንን ያስራበው በመጀመሪያ በሬውን የገደለው የከብት ወረርሽኝ ነበር። ያ ወረርሽኝ ከምድር ገጽ መጥፋቱ በ2011 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የታወጀው በክትባት ኃይል ነው።

ስለዚህ አሳቤ ይህ ነው፤ ውሮ ክብደቷ ሳይወርድ በቈየችበትና በምትበላበት ሳምንት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ብቻዋን ትከተብ፤ ሌላው ይቈይ። መርፌው ከእግሯ በታች በኩል ይወጋ፤ እብጠት ቢወጣና ከሦስት ወር በላይ ቢቈይ ለሐኪሙ ይታይ። ቀኑም በወረቀት ይጻፍ፤ የምናውቃት ተማሪዎች እናልፋለን፤ ወረቀቱ ግን ይቀራል።

ይህም ብቻውን አይበቃም። ለሰው የሚተላለፈው በሽታ ከሞላ ጐደል ሁሉ ከውሻ ነው፤ ከውሾቹም 70 ከመቶው ቢከተብ መተላለፉ ሊቋረጥ እንደሚችል ባለሙያዎች ይናገራሉ። የድመቷን ስንከትብ በበራችን የሚተኙትን ውሾች ብንተው ቤቱን ዘግቶ መስኮቱን እንደ መክፈት ነው። የተነከሰ ወይም የተቧጨረ ቢኖርም፥ ቍስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ።

አንዱ ጓደኛዬ በዚያ ሌሊት፥ "እኛ የምንከራከረው ለማይናገር ፍጥረት ነው" ብሎ ነበር። እውነቱን ነው። የማይናገር ፍጥረት ጠበቃው ኀዘኔታ ብቻ ከሆነ ግን ይጐዳል፤ ዕውቀት ሊታከልበት ይገባል። አባቶቻችን "ሳይቃጠል በቅጠል" ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነውና፥ መዋጮው ነገ ይጀመር።