ሁለት ቋንቋ፣ ሁለት ጥንቃቄ

ከክሬንሾው እስከ ፌርፋክስ የሚኖር ኢትዮጵያዊ በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ቋንቋ የሚመርጠው በአንባቢው ነው። በሰሜኑ ጦርነት ወቅት ለአሜሪካ እንደራሴዎች በእንግሊዝኛ የተጻፈው የተመዘነና ማስረጃ የሚጠቅስ ነበር፤ እርስ በርስ በአማርኛና በትግርኛ የተጻፈው ግን፣ ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል፣ ሌላ ነበር። ልዩነቱን በማንነት ብቻ ማስረዳት አያጠግበኝም። ጉዳዩ የዋጋም ነው፦ በእንግሊዝኛ የሚሳደብ ሰው ሥራውን ሊያጣ ይችላል፤ በአማርኛ የሚሳደበውን የሚጠይቀው እምብዛም የለም።

ፍራንሲስ ሀውገን በ2021 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ ሴኔት ስትመሰክር፣ ፌስቡክ ከኢትዮጵያ ቋንቋዎች በደኅንነት ሥርዓቱ የሚደግፈው ሁለቱን ብቻ እንደሆነ ተናግራለች። ጸሐፊው ያልከፈለውን ዋጋ ሌላው ይከፍለዋል። በዚያው ዓመት የኬሚስትሪው ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ባሕር ዳር ላይ ተገደሉ። ልጃቸው፣ ግድያው የተፈጸመው በፌስቡክ በአባቱ ላይ የጥላቻ ጽሑፍ ከተለጠፈ በኋላ ነው ሲል በ2022 ናይሮቢ ላይ ሜታን ከሷል።

ኩባንያው ቋንቋውን የሚያውቁ ተቆጣጣሪዎችን ይቅጠር ማለት ተገቢ ነው። ሆኖም ከሎስ አንጀለስ ሆኖ ገጽ የሚያስተዳድር ሁሉ የግለሰብን ስምና መኖሪያ የሚያጋልጥ ጽሑፍን፣ በየትኛውም ቋንቋ ይጻፍ፣ ዛሬውኑ ማንሳት ይችላል፤ ለዚህ የናይሮቢን ፍርድ መጠበቅ አያስፈልገውም።