ባትሪውንስ ማን መረመረው?

ባለፈው ወር ጎረቤታችንን አጅቤ ከ18 ማዞሪያ ገባ ብሎ ወዳለ አንድ ጋራዥ ሄጄ ነበር። ሰውየው ሃያ ዓመት ሙሉ በኮልፌ መስመር ሚኒባስ የነዱ ናቸው። አሮጌዋን ቶዮታ ሸጠው፣ የዕቁብ ብራቸውን ጨምረው፣ የጎደለውን ከእህታቸው ተበድረው ያገለገለች የኤሌክትሪክ መኪና ገዙ። ሐሳባቸው ቀላል ነው፤ ከነዳጅ ሰልፍ መገላገል፣ ራይድ እየሠሩ ብድራቸውን መክፈል። ሻጩ “አንዴ ከሞሏት 500 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች” ብሏቸዋል። እሳቸው ግን 300 ሳይሞላ ቻርጅ ፍለጋ ይሯሯጣሉ።

መካኒኩ ወጣት ነው፣ ከእኔም ያንሳል። የመመርመሪያ መሣሪያውን መሪው ሥር ካለው ሶኬት ላይ ሲሰካ ስክሪኑ ላይ የቻይንኛ ጽሑፍ ተደረደረ። በስልኩ ፎቶ እያነሳ ሊያስተረጉመው ታገለና ተወው። “ጋሼ፣ መኪናዋ ሕመሟን ታውቀዋለች፤ እኔ ነኝ ቋንቋዋን የማላውቀው” አላቸው።

“በቅርቡ ምርመራ አልፋለች እኮ! ቦሎዋ ይኸው” ብለው መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን አሳዩት። የምርመራ ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት። ፍሬን አለ፣ መብራት አለ፣ ጎማ አለ። ስለ ባትሪው ግን አንድም መስመር የለም። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚያች የጎደለች መስመር ነው።

እንዴት እዚህ እንደደረስን እናስታውስ። መንግሥት በ2014 የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ አደረገ። በጥር 2016 ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ፣ ኤሌክትሪክ ካልሆኑ በስተቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንደማይገቡ አሳወቁ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፣ ኤሌክትሪክ ደግሞ ከራሳችን ወንዝ ይመነጫል። እኔም በዚህ አቅጣጫ ቅሬታ የለኝም።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። መኪናውን ቀይረን መመርመሪያውን አልቀየርንም። ስለ ተሽከርካሪ መለያ፣ ምርመራና ምዝገባ የወጣው አዋጅ ቁጥር 681/2002 የመጣው መንገዱ ሁሉ የቤንዚንና የናፍታ በነበረበት ዘመን ነው። በየምርመራ ጣቢያው የምናውቀው አሠራር ከዚያው ዘመን የመጣ ነው፤ ጎማው ሮለር ላይ ወጥቶ ፍሬኑ ይለካል፣ መብራቱ ይታያል፣ ጭሱ ይፈተሻል። የኤሌክትሪክ መኪና ጭስ ማውጫ የላትም። ፍሬንና መብራቷ መታየታቸው ተገቢ ነው፤ እንዲያውም ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝኑት ብዙ ናቸውና ፍሬናቸው በደንብ ይታይ። የመኪናዋ ሲሶ ያህል ዋጋ ያለው ዕቃ ግን ባትሪው ነው፤ እሱ ሳይታይ ያልፋል።

ባትሪውን ለመመርመር ደግሞ ፈልቅቆ መክፈት አያስፈልግም። ውስጡ የእያንዳንዱን ሴል ቮልቴጅ፣ ሙቀቱንና የሚገባ የሚወጣውን የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚከታተሉ ሴንሰሮች አሉ። ተስማሚ መሣሪያ ያለው ባለሙያ ከእነዚህ የባትሪውን ጤና በመቶኛ ማንበብ ይችላል። መቶ ማለት እንደ አዲስ ነው፣ 70 ማለት ከአዲሱ ጉልበት 30 ከመቶው ሄዷል ማለት ነው። “ሻጩ ቁጥሩን ቢነካካውስ?” የሚል ካለ፣ በመሙላት ማረጋገጥ ይቻላል። አዲስ ሳለ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዝ የነበረ ባትሪ ከ20 ከመቶ ወደ 80 ከመቶ ሲሞላ ወደ 36 ኪሎ ዋት ሰዓት መቀበል አለበት። ወደ ባትሪው የገባው 27 ብቻ ከሆነ፣ የቀረው ጉልበት 75 ከመቶ ገደማ ነው። የሒሳቡ መነሻ ይኸው ነው።

ታዲያ የጎረቤታችን መኪና ምን ሆና ነው? እዚህ ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። 300 ኪሎ ሜትር የምትሄደው ባትሪዋ ስለደከመ ሊሆን ይችላል። ሻጩ የጠራው 500 ቻይና ውስጥ በላቦራቶሪ የሚለካው ቁጥር ስለሆነም ሊሆን ይችላል፤ የቻይናው መለኪያ ከአውሮፓው ይልቅ ለጋስ መሆኑ የታወቀ ነው። ወይም ቀኑን ሙሉ ሰው ጭኖ የኮልፌን ዳገት መውጣቱ ይሆናል። ሦስቱ ምክንያቶች በሾፌሩ ዓይን አንድ ዓይነት ናቸው። ሳይለካ መለየት አይቻልም።

ዩኒቨርሲቲ ሳለን የተማርነው አንድ ጽሑፍ አለ። አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተመው ሲሆን፣ በ2001 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ያደረገውም ይኸው ዓይነት ሥራው ነው። ምሳሌው ያገለገለ መኪና ገበያ ነበር። ሻጭ የመኪናውን ጉድ ያውቃል፣ ገዢ አያውቅም። ስለዚህ ገዢ “የባሰ ቢሆንስ?” ብሎ ለሁሉም ዝቅ ያለ ዋጋ ይሰጣል። በዚያ ዋጋ ደግሞ ጥሩ መኪና ያለው ሰው አይሸጥም፤ ገበያው ላይ የሚቀረው የተበላሸው ነው። ፈተና ላይ ጽፌው ያለፍኩትን ነገር ኮልፌ ጋራዥ ውስጥ ቆሜ አየሁት።

ምክንያቱም ጎረቤታችን ያን ቀን መኪናዋን በኪሳራ ሊሸጡ ወስነው ነበር። አንድ ደላላ “ባትሪዋ ሞቷል፣ ቶሎ ይገላገሏት” ብሎ፣ ከገዙበት በብዙ የወረደ ዋጋ ጠርቶላቸዋል። መካኒኩ ነው “አንድ ቀን ይታገሱኝ” ብሎ ሌላ ሰፈር ለእንዲህ ዓይነት መኪና የሚሆን መሣሪያ ወዳለው ጓደኛው የላካቸው። እዚያ ቁጥሩ ተነበበ፤ 86 ከመቶ። ባትሪው ደህና ነው። የተሳሳተው የ500ው ተስፋ ነው። ሰውየው መኪናቸውን ይዘው ቀሩ፤ አሁን የሥራ ቀናቸውን በ300 ኪሎ ሜትር ልክ ነው የሚያቅዱት።

ልብ በሉ፣ ይህች ቁጥር ገዢን ብቻ አይደለም የምትጠብቀው። ጥሩ መኪና ያለውን ሻጭም ከደላላ ወሬ ታድነዋለች። መኪና በመያዣነት ተቀብሎ ለሚያበድር ባንክም ትጠቅማለች።

ሌላው ዓለም ወደዚህ ከመጣ ቆይቷል። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንቦች መድረክ እ.ኤ.አ. በ2022 ያጸደቀው ደንብ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ በ5 ዓመት ወይም በ100,000 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከጉልበቱ ቢያንስ 80 ከመቶውን፣ በ8 ዓመት ወይም በ160,000 ኪሎ ሜትር ውስጥ ደግሞ ቢያንስ 70 ከመቶውን ይዞ እንዲቆይ ይጠይቃል። መኪኖቻችን በብዛት የሚመጡባት ቻይና ራሷ ከመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የባትሪ ደህንነት ፍተሻን በኤሌክትሪክ መኪኖች ምርመራ ውስጥ አስገብታለች። እዚያ ባትሪዋ የሚታይ መኪና እዚህ ስትደርስ ለምን ሳትታይ ትለፍ?

“መሣሪያው ውድ ነው” የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። የፍሬን ሮለሩስ ርካሽ ነበር? የባሰው ሥጋት ሌላ ነው። መኪናው ሳይቀርብ ወረቀቱ ይወጣል የሚለውን ሐሜት ሁላችንም ሰምተናል። ስለዚህ ንባቡ በእጅ የሚጻፍ መሆን የለበትም፤ ከመሣሪያው በቀጥታ ወደ መዝገብ መግባት አለበት። ከተማችን የፍጥነት ራዳርና የትንፋሽ አልኮል መለኪያ ስትጀምር ያገኘችው ትልቁ ጥቅም፣ “ጠጥተሃል”፣ “አልጠጣሁም” የሚለውን ክርክር በቁጥር መዝጋቷ ነው።

የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በዓመታዊው ምርመራ ወረቀት ላይ የባትሪ ጤና በመቶኛ ይጻፍ፤ ለጊዜው መጣያ ነጥብ ሳይሆን ማሳወቂያ ብቻ ቢሆንም ይበቃል። ሁለተኛ፣ ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና የሚያስገባ ነጋዴ የባትሪውን ንባብ በምናነበው ቋንቋ ለገዢ ያስረክብ። ሦስተኛ፣ እንደ ተግባረ ዕድና ጄነራል ዊንጌት ያሉ ኮሌጆች የጋራዥ ልጆችን በአጭር ሥልጠና በዚህ ሥራ ላይ ያብቁ። ያ መካኒክ ጭንቅላት አላነሰውም፤ ያጣው መሣሪያና የሚያሳየው ሰው ነው።

እስከዚያው እናንተ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት “ባትሪው ስንት ከመቶ ነው? ማን ለካው?” በሉ። ሻጩ ከተቆጣ ሌላ መኪና ፈልጉ።